ማደሪያውን ያጣ ዘበኛ

በቀድሞው ዘመን ወታደር ወርኃዊ ደመወዝ አልነበረውም። መሬት ይሰጠዋል፤ ከዚያ መሬት በሚያገኘው እየኖረ ጠላት ሲመጣ ይዘምታል። አባቶቻችን ይህን መሬት ማደሪያ ይሉታል። ዛፍም ለዘበኛው ማደሪያ እንደሚቆርጥ የታወቀው ግን ዘግይቶ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1874 እንግሊዛዊው ቶማስ ቤልት ስለ ኒካራጓ ባሳተመው መጽሐፍ አንድ የግራር ዘመድ ገለጸ። ዛፉ ባበጠ እሾሁ ውስጥ ጉንዳን ያሳድራል፤ ጣፋጭ ፈሳሽም ያቀርብለታል። ጉንዳኑ በፈንታው ቅጠል ሊበላ የመጣውን ሁሉ ይነድፋል። ቤልት ከቋሚ ጦር ጋር አመሳሰለው። አሜሪካዊው ዳንኤል ጃንዘን እ.ኤ.አ. በ1966 ላሳተመው ጥናት በሜክሲኮ ጉንዳኖቹን ከአንዳንድ ዛፎች ላይ አስወገደ። ዘበኛ ያጡት ዛፎች በተባይ ተበሉ፤ የቤልት ግምትም በሙከራ ጸና።

ይህን የመሰለ ግራር በእኛም አገር አለ። ቦረናዎች ፉሌሳ የሚሉት፣ በጥቁር መረሬ አፈር ላይ የሚበቅለው ነው። ኬንያ ውስጥ በላይኪፒያ፣ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ተመራማሪዎች ዝሆንና ቀጭኔን ከዚሁ ዛፍ በአጥር ለዩ። ጠላት ከራቀ ዛፉ ይደላዋል ያሰኛል። እ.ኤ.አ. በ2008 ቶድ ፓልመርና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ውጤት ግን ተቃራኒውን አሳየ። ዛፉ የጉንዳኖቹን ቤትና ቀለብ ቀነሰ። ዋናው ዘበኛ ተዳከመ፤ በቦታው የማይዋጋ ሌላ ጉንዳን ገባ። አዲሱ ነዋሪ ቤቱ ጥንዚዛ በግንዱ ውስጥ የቦረቦረው ጉድጓድ ስለሆነ ጥንዚዛውን አያባርርም። ዛፎቹ እድገታቸው ዘገየ፤ የሚደርቁትም በዙ።

በዚህ ግራር ላይ አራት ዓይነት ጉንዳኖች ይፈራረቃሉ። ከእነርሱ አንዱ እምቡጡን እየቆረጠ ዛፉን ያመክነዋል። ሆኖም እነፓልመር እ.ኤ.አ. በ2010 የዛፉን ሙሉ ዕድሜ ሲያሰሉ፣ ከአንድ ምርጥ ዘበኛ ጋር ብቻ ከመኖር ይልቅ መፈራረቁ የበለጠ ዘር እንደሚያስገኝ ተረዱ። ከውጭ የገባ ባለትልቅ ራስ ጉንዳን እነዚህን ዘበኞች በፈጀበት ቦታ ደግሞ ዝሆን ዛፉን ከአምስት እስከ ሰባት እጥፍ ይሰብረዋል። መሸሸጊያ ያጣው አንበሳም ለሜዳ አህያ ይታያል፤ አደኑን ወደ ጎሽ ማዞሩ እ.ኤ.አ. በ2024 ተዘግቧል።

ከየጥኖራ እስከ ቢቸናና ሞጣ ባለው የምሥራቅ ጎጃም ደጋ የቀረው የአገር በቀል ደን በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለው ነው። ከሞጣ ማዶ፣ አባይን ተሻግሮ በደቡብ ጎንደር፣ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ይህን መሰል ደን አጥንተዋል፤ ከአሜሪካዊቷ ማርጋሬት ላውማን ጋርም ከብት የሚከላከል የድንጋይ ካብ አሠርተዋል። ካቡ ችግኝን ከከብት አፍ ያድናል፤ ሥራውም የሚመሰገን ነው። የላይኪፒያው ታሪክ የሚያስጠነቅቀን ከካቡ ውስጥ ምን እንደቀረ ደግሞ እንድንጠይቅ ነው።

ብሳናን እንመልከት። የቅጠሉ ጠፍጣፋ ከአገዳው በሚገናኝበት ላይ ሁለት ትናንሽ ዕጢዎች አሉት። ብዙ ዘመዶቹ ከእንዲህ ያለው ዕጢ ጉንዳን የሚስብ ጣፋጭ ያመነጫሉ። ዛፍ ስንቆጥር ጉንዳኑን የቆጠረው ማን ነው? ደኑ ጠብቦ፣ የዛፉ ዓይነት ተመናምኖ፣ እንግዳና ጠላት ከቀረ፣ ዛፉ ቆሞ ሳለ ውሉ ሊፈርስ ይችላል። ውሉ መፍረሱ የሚታወቀውም ዛፉ መድረቅ ሲጀምር ነው።