በዓይን እንቅስቃሴ የመንፈስን ቁስል ስለ ማከም
እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1987 ዓ.ም. አሜሪካዊቷ ፍራንሲን ሻፒሮ በመናፈሻ ሲዘዋወሩ፥ ዓይናቸው ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ የሚያስጨንቃቸው ሐሳብ እንደ ቀለለላቸው ተናግረዋል። በ1989 ዓ.ም. በ22 ሰዎች ላይ ያደረጉትን ምርመራ አሳተሙ፤ ከነዚህም መካከል ከቬትናም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮችና በግፍ የተደፈሩ ሰዎች ነበሩ። በዚህ ዘዴ በሽተኛው ክፉውን ትዝታ እያሰበ የሐኪሙን ጣት በዓይኑ ይከተላል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2013 ዓ.ም. ሕክምናው እንዲሠራበት መከረ።

ነገር ግን ፈውሱ የሚመጣው ከዓይን እንቅስቃሴው ነው ወይስ ትዝታውን ከመጋፈጥ? በዚህ ሊቃውንት ገና አልተስማሙም።

እኛ የታሪክ ተማሪዎች ሁለቱን ምስክርነት ልንለይ ይገባናል፤ የመናፈሻው ታሪክ ምስክሩ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የሕክምናው ምስክር ግን በንጽጽር የተደረጉ ብዙ ምርመራዎች ናቸው። ስለዚህ አጀማመሩን መጠራጠር ፈውሱን መካድ አይደለም።