ጀንበር እስክትጠልቅ

በከተራ ዕለት እናቶቻችን ውሃ አይጠጡም። ዕለቱ ጾመ ገሃድ ነውና የሚደንቅ ነገር የለውም። የሚደንቀው ማግሥቱ ነው። በጥምቀት ዕለት ጾም የለም፤ ቅዳሴው አብቅቶ፣ ጠበሉ ተረጭቶ፣ ጠላውና ዳቦው ወጥቶ ሳለ እናቶቻችን አሁንም አፋቸውን አርሰው ብቻ ዋንጫውን ይመልሳሉ። «ልጄ፣ ዛሬ ውሃ አታብዢ» የሚለውን ምክር ከእኅቶቻችን መካከል ያልሰማች ያለች አይመስለንም። ይኽ ሁለተኛው ጾም በመጽሐፍ አልታዘዘም፤ የሚጾሙትም ሴቶች ብቻ ናቸው። ምክንያቱ አጭር ነው፤ ሜዳው ላይ ሽንት ቤት የለም፤ ታቦቱ ወደ መንበሩ እስኪመለስ ደግሞ ቀኑ ረጅም ነው።

አንባቢ ይኽን ሲያይ «ይኸም ታሪክ ሆኖ ነው?» ብሎ ቢስቅ አንቀየምም። እኛም መጀመሪያ ስቀናል። ግን እስቲ እናስበው። ስለ ጎጃም በዓላት የተጻፈውን ብናገላብጥ ታቦቱ አለ፣ ድባቡ አለ፣ ፈረሱና ጉግሱ አለ፣ የመሳፍንቱ ካባ ሳይቀር አለ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ግማሹ ሴት ነበረ። ሴቲቱ ከጧት እስከ ማታ ሜዳ ላይ ውላ ወገቧን ልትሞክር ስትል ወዴት ሄደች? ይኽን የጻፈልን የለም። ወንዱማ ፊቱን ወደ አጥር ካዞረ ነገሩ አለቀ፤ እሱም ቢሆን አይጻፍለትም፤ ግን መጻፍ ያለበት ችግርም የለበትም።

ቋንቋችን ራሱ ነገሩን ያሳብቃል። «ውጭ ልውጣ»፣ «ሜዳ ልውጣ»፣ «ወገቤን ልሞክር» እንላለን። ሁሉም ወደ ውጭ ያመለክታሉ፤ ቤት የሚባል ነገር በአንዱም የለበትም። «ሽንት ቤት» ከከተማ ጋር የመጣ አዲስ ቃል ነው። እንግዲህ ሜዳ የወንድም የሴትም ከሆነ ልዩነቱ የቱ ላይ ነው ቢባል፣ ልዩነቱ ሰዓቱ ላይ ነው። ወንድ በቀን ሜዳ ይወጣል። ሴት ግን ጎህ ሳይቀድ ወይም ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ነው። በመካከሉ ያለውን አሥራ ሁለት ሰዓት መቻል የጨዋ ልጅ ምልክት ሆኖ ኖረ።

በጎዛምን ምድር ላይ ይኽ ሰዓት ከሌላው አገር የባሰ ከባድ ነበር። ደጋው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ያላነሰ ሜዳማ የጤፍና የስንዴ አገር ነው። በመስከረም፣ ለደመራ ጊዜ፣ ቢያንስ አዝመራው ቁሞ ይሰውራል። በጥር ግን አዝመራው ተሰብስቦ፣ ክምሩ ተወቅቶ፣ ማሳው ራቁቱን ቀርቶ ከብት የሚሰማራበት ወቅት ነው፤ ሰው ከሩቅ እንደ ምሰሶ ይታያል። ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ያለው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው፤ እዚያ ደግሞ ነውርም ኃጢአትም ነው። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ገብቶ ቀስ በቀስ እስከ ጎጃም ሲዳረስ፣ ስለ ማገዶውና ስለ ቤት ሥራው ብዙ ተብሏል፤ ለሴቶች መከለያ ስለ መሆኑ ግን ማንም አላመሰገነውም። እኛ እዚህ ላይ እናመሰግነዋለን።

ከባሕር ዛፍ በፊት የነበረው መከለያ ቀሚስና ነጠላ ነው። አያቶቻችን ሲነግሩን፣ ሁለት ሦስት ሆነው ወጣ ይሉና አንዷ ቁጢጥ ስትል ሌሎቹ ነጠላቸውን ዘርግተው ይቆማሉ። ሰፊው ቀሚስ ራሱ ድንኳን ነበር፤ መቀነቱ ላላ ተደርጎ ዙሪያውን ሲወርድ ምንም አይታይም። ይኽን ዘዴ የምናነሣው ለመሳቅ አይደለም። ሴቶች መንግሥትም ቤተ ክህነትም ያላሰበላቸውን ነገር እርስ በርሳቸው የፈቱበት ጥበብ ነው። እኛ ዛሬ ሱሪና ጠባብ ጉርድ ለባሾቹ ይኽን ድንኳን አጥተነዋል፤ በምትኩም የተሰጠን ነገር የለም።

የመደብ ነገር እዚህም ውስጥ አለ። ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም. ከአፄ ዮሐንስ እጅ ዘውድ ተቀብለው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከተባሉ በኋላ፣ የጥንቷ መንቆረር በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ደብረ ማርቆስ ተባለችና የንጉሥ ከተማ ሆነች። የንጉሥ ከተማ ማለት የግብር ከተማ ማለት ነው። መኳንንቱ፣ ከዚያ ጭፍራው፣ በየተራ እየገባ ይበላል። ወይዘሮዪቱ ከመጋረጃ በስተጀርባ ናት፤ ብትሻ ደንገጡሮቿ ይከልሏታል፤ ወደ እልፍኝ ትመለሳለች። ወጥ ሠሪዋ፣ እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ጠጅ ጣይዋስ? ከሌሊት ጀምራ እሳት ላይ ቆማ፣ ግቢው በወንድ ተጥለቅልቆ፣ የምትሄድበት የለም። ግብሩ ስንት ሠንጋ እንደ ፈጀ ሲወራ የሷ ቀን አይወራም።

ዘመን ተለወጠ፤ ሜዳው ግን አልተለወጠም። መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ደብረ ማርቆስ ሲገቡ የነበረው ሕዝብም ያው ሕዝብ ነው። ከዚያ ወዲህ አደባባይ የሚወጣበት ምክንያት በዛ እንጂ አልቀነሰም። በደርግ ዘመን መስከረም 2 በመጣ ቁጥር በየከተማው ሰልፍ ነበር። በዓለ ጥምቀት ላይ ያለች ሴት ቢብስባት «አሞኛል» ብላ ቤቷ ትሄዳለች፤ በቀበሌ ተጠርታ የተሰለፈች ሴት ግን እንዲያ በቀላሉ አትወጣም። ንግግሩ ሲረዝም የሚጨበጨበው ሁሉ ከደስታ አልነበረም፤ «ይበቃል» የሚልም ጭብጨባ ይኖርበት ነበር ብንል የምንሳሳት አይመስለንም።

ስለ ሽንት ቤት ያሰበ መንግሥት ጨርሶ አልነበረም ማለታችን አይደለም። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ተቋቁሞ የጤና መኮንኖችንና ሳኒተሪያኖችን ማሠልጠን ጀመረ። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘማቾች፣ ማለት የዛሬዎቹ የእኛ ታላላቆች፣ በየገጠሩ ጉድጓድ ቆፈሩ። ብዙው ጉድጓድ ግን ዘማቹ ሲሄድ አብሮት ሄደ። ገበሬው «ሜዳው ሞልቶ ምን ያስቆፍረኛል?» ይል ነበርና። ልብ በሉ፤ የተጠየቀው ገበሬው ነው፤ ሚስቱን የጠየቃት የለም።

ሚስቲቱ የተጠየቀችበት ጊዜ ሲመጣ የሆነውን ለማየት ከዚሁ ከምሥራቅ ጎጃም መውጣት አያስፈልግም። ሁለት እጁ እነሴ ወረዳ፣ ዋና ከተማው ሞጣ፣ በ1960 ዓ.ም. አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር እምቢ ብለው ከተነሡት የጎጃም አገሮች አንዱ ነው። መንግሥት ያዘዘውን ሁሉ እሺ የሚል አገር አይደለም ለማለት ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የካርተር ማዕከል ከክልሉ ጤና ቢሮ ጋር የዓይን ማዝን (ትራኮማን) ለመከላከል ሲሠራ ወደዚህ ወረዳ ገባ። የዓይን ማዝ በአማራ ክልል ዓለም ላይ ከሚታወቁት የከፋ ደረጃ ላይ ነበር። በሽታውን ከሚያዛምቱት አንዷ ዝንብ ናት፤ ይህችም ዝንብ የምትራባው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ላይ እንጂ ጉድጓድ ውስጥ በገባው ላይ አይደለም። ስለዚህ ጉድጓድ መቆፈር የዓይን መድኃኒት ሆነ ማለት ነው። ሥራው የውጭ ሲሚንቶ አላስፈለገውም፤ እንጨት፣ ጭቃና ሣር በቂ ነበር።

ውጤቱ አስተማሪዎቹን ራሳቸውን አስደነቀ። ሽንት ቤት ያለው ቤተሰብ በወረዳው ከመቶ 6 ብቻ የነበረው በአጭር ጊዜ ውስጥ ወደ መቶ 50 ደረሰ። በክልሉ በአንድ ዓመት ብቻ ከ80 ሺህ በላይ ተቆፈረ። ለምን? ዝንቧን ፈርተው ነው? ዝንቧም አለችበት። ነገር ግን ሰዎቹ የቆፈሩበትን ምክንያት ሲጠየቁ ከንጽሕናውና ከጤናው ጋር ከሰው ዓይን መሰወሩንም ይናገሩ ነበር፤ ገፋፊዎቹም ሴቶች ነበሩ። ባልን አስቆፈሩ፤ ባል እምቢ ሲል ራሳቸው ቆፈሩ። በሥራው የነበሩት ሰዎች የቀድሞዋን ሴት «የቀን ብርሃን እስረኛ» ሲሉ ገለጿት። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ያረፉት ጂሚ ካርተርም ነገሩ የሴቶች የነጻነት እንቅስቃሴ ሆኖ አረፈው እያሉ ይናገሩ ነበር። የዝንብ ፕሮግራም ይዘው መጥተው የነጻነት ጥያቄ አገኙ። ግብር ያስነሣው አገር ለጉድጓዱ እሺ ያለው ሴቶቹ ከድሮ ጀምሮ የሚፈልጉት ስለ ነበረ ነው እንላለን።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ተጀመረና አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች ሠልጥነው በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ30 ሺህ በላይ ሆኑ። በዓለም የጤና ድርጅትና በዩኒሴፍ ቆጠራ መሠረት በኢትዮጵያ ሜዳ ላይ የሚጸዳዳው ሕዝብ በ1990 እ.ኤ.አ. ከመቶ 92 ነበረ፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ወደ 29 ወረደ። በዚያ ዘመን ይኽን ያህል የቀነሰ አገር አልነበረም። ይኽ ቀላል ድል አይደለም፤ ሊኮራበትም ይገባል።

ታዲያ ጥምቀቱ ላይ ለምን ውሃ አይጠጣም? ምክንያቱም ቆጠራው ሁሉ የቤት ቆጠራ ነው። ጉድጓዱ የተቆፈረው በጓሮ ነው። ሜዳው ባለቤት የለውም፤ የበዓል ቀን ብቻ የሚሞላ፣ በማግሥቱ የከብት የሚሆን ቦታ ነው። ስለዚህ አንዲት ሴት በቤቷ የ2000ዎቹ ሰው ሆና አደባባይ ስትወጣ ወደ አያቷ ሰዓት ትመለሳለች፤ ያውም ያለ አያቷ ቀሚስ። የወር አበባ ላይ ያለችው ይብስባታል፤ ቤተ መቅደስ ስለማትገባ ቀኑን ሙሉ ውጭ የምትቆየው እሷ ናት፤ የምትለውጥበት ስፍራ ደግሞ ያው ውጭ የለም። ነፍሰ ጡሯንና አሮጊቷን አንባቢ ይጨምርበት። ሽንት መቋጠር የሽንት ቧንቧ ሕመም እንደሚያመጣ፣ በጥር ፀሐይ ያለ ውሃ መዋልም ራስ እንደሚያዞር ለማስረዳት ሐኪም መሆን አያሻም።

ይኽ የድህነት ብቻ ነገር እንዳይመስለን። ለንደን በሃብቷ ጫፍ ላይ ሳለች፣ በ1900 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ ካምደን ታውን በሚባለው ሠፈር ለሴቶች የሕዝብ ሽንት ቤት ይሠራ ሲባል ነዋሪው ተነሣ። ለሙከራ በእንጨት የተሠራ ማሳያ መንገድ ላይ ቢቆም ጋሪ ነጂዎች እየገጩት መንገድ ዘጋ አሉ። ያን ጊዜ በሠፈሩ ምክር ቤት ተቀምጦ ስለ ሴቶቹ የተከራከረው ጆርጅ በርናርድ ሾው ነው። ቲያትሮቹን ስናነብ ይኽን የሚነግረን አስተማሪ አላጋጠመንም። ኒው ዮርክም በ2005 እ.ኤ.አ. ነው በአዳዲስ የሕዝብ መሰብሰቢያዎች ለወንድ አንድ ከሆነ ለሴት ሁለት ይሁን ብላ በሕግ የደነገገችው። እኩል ቀዳዳ እኩልነት አይደለም፤ ሴት ልብስ አላት፣ ልጅ ይዛለች፣ የወር አበባ አለባት፤ ጊዜ ይወስድባታል። በቅርቡ ደግሞ የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ሁለት ሴት ተማሪዎች ለበዓል ሜዳ የሚሆን፣ ቁጢጥ ተብሎ የሚገለገሉበት፣ በር የሌለው ግን ከወገብ በታች የሚከልል የሽንት መሽኛ ሠርተው በ2022 እ.ኤ.አ. በግላስተንበሪ የሙዚቃ በዓል ላይ አቆሙት። ሰልፉን አቃለለ። እኛ ስናየው «ይኽማ የአያታችን ነጠላ ነው!» አልን።

ስለ ሜዳው ስናስብ ቁጥሩ ያን ያህል አያስፈራም። በእንግሊዝ አገር ከስድስት ሰዓት በላይ ለሚቆይ በዓል ለ100 ሴት አንድ ይበቃል ይሉ ነበር። በአደጋ ጊዜ ለሚሠፍሩ ሰዎች የወጣው የስፊር መመሪያ ደግሞ ለወንድ አንድ ከሆነ ለሴት ሦስት ይላል። አምስት ሺህ ሴት የሚውልበት ሜዳ ቢሆን ሃምሳ ቦታ ነው። ጠባብ ቦይ መቆፈር፣ በባሕር ዛፍ ግንድና በሸራ መከለል፣ አፈሩን ከጎን ክምር አድርጎ አካፋ ማኖር፣ የእጅ ውሃ፣ ለከተራ ሌሊት ፋኖስ፣ መግቢያውን የምትጠብቅ ሴት። አካፋው እንኳ አዲስ ነገር አይደለም፤ በኦሪት ዘዳግም ለሠፈረ ሕዝብ ታዝዟል፤ ቀሳውስቱም ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። ቦዩን ከጥምቀተ ባሕሩና ከወንዙ ማራቅ ግድ ነው፤ ውሃው የሚቀዳበትን ጎን የሚያውቁት ደግሞ በየቀኑ የሚቀዱት ሴቶች ናቸው።

ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ከገባ ወዲህ የበዓል ዝግጅት ኮሚቴ የማይቋቋምበት ከተማ የለም። ሰንደቅ ይሰቀላል፣ ድምፅ ማጉያ ይተከላል፣ ለእንግዶች ወንበር ይቆጠራል። ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች ሲሰለፉም ዝግጅቱ እንደዚሁ ነው፤ ለፈረሱ ማሠሪያ ይታሰባል። የወንበሩን ቆጠራ የሚሠራ ወንድማችን ወረቀቱን ወደ ታች ትንሽ ይዝለቅና ሃምሳውን ቦታ ይጻፍበት። ቦዩን የሚቆፍሩ እጆች ከየክፍሉ ለማውጣት እኛ ስም መመዝገብ ጀምረናል፤ እስካሁን ሃያ ሦስት ደርሰናል፤ ከነዚህ ውስጥ ወንዶቹ አራት ብቻ ናቸው።