አይቼ፣ ፈትሼ፣ ወድጄ ገዝቻለሁ

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይላሉ አበው። የዛሬው ነገራችን ሥሩ አንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር ናት፤ «መኪናውን አይቼ፣ ፈትሼ፣ ወድጄ ገዝቻለሁ።» በአገራችን ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው ሁሉ ከዚህች ቃል ወይም ከእኅቷ ሥር ፈርሟል። ለመሆኑ ቃሏ ምን ያህል ትሸከማለች? ሻጩ የሚያውቀው፣ ገዢው ግን ያላየው ሕመም «አይቻለሁ» በሚል ፊርማ ብቻ የገዢው ዕዳ ይሆናልን?

ይህ ጥያቄ በአዲስ አበባ የገንዘብ ጥያቄ ነው። በቆላ ግን ከገንዘብም ያልፋል። ነገሌ ቦረና ከመዲናዋ በስተደቡብ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በሀገረ ሰላምና በቦሬ ብርድ ውስጥ የሚያልፍ መኪና ሕመሙን ይደብቃል፤ ጤነኛ ይመስላል። አዶላን አልፎ፣ ነገሌን ተሰናብቶ፣ ወደ ፊልቱና ወደ ዶሎ ሲወርድ ግን ሙቀቱ ምስጢሩን ያወጣዋል። የተሰነጠቀ ቴስታታ ወይም የተቃጠለ ጓርኒሲዮን እዚያ ውኃውን ያፈላዋል። ገናሌና ዳዋ ከወዲያና ከወዲህ ቢፈሱም መንገደኛው የሚተማመነው በያዘው ጀሪካን ነው። ያን ጊዜ የሻጩ ዝምታ ምን ያህል እንደሚመዝን ይታወቃል።

ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ... የመካኒኮቻችን ቋንቋ በብዙው ከጣሊያንኛ የተወረሰ ነው። ነገሌም መኪናን በክፉ ቀን አይታዋለች። በጥር 1928 ዓ.ም. የግራዚያኒ ጦር ከዶሎ ተነሥቶ፣ የራስ ደስታ ዳምጠውን ሠራዊት በአውሮፕላንና በብረት ለበስ ሰብሮ፣ በጭነት መኪና ተጉዞ ነው ከተማይቱን የያዘው። መኪናው ከነክፍሎቹ ስም ከባሕር ማዶ መጣ። የተደበቀ ጉድለት ክርክር ግን ከመኪናው እጅግ ይቀድማል፤ የተወለደው በከብት ገበያ ነውና።

ነገሌ ከጥንት የከብት አገር ናት። በቆላው ገበያ ገዢ የከብቱን አፍ ከፍቶ ጥርሱን ይቆጥራል፤ ያስኬደዋል፤ ሽንጡን በእጁ ይዳብሳል። በሶማሌዎች የግመል ገበያ ዋጋው በጨርቅ ሥር በጣት ምልክት ይነገራል፤ ሦስተኛ ሰው አያየውም። ደላላው የሚቆመው ለማሻሻጥ ብቻ አይደለም፤ ከብቱ የተሰረቀ አለመሆኑን የሚያረጋግጥ ዋስም ነው። ልብ በሉ! ዋስትናው ለባለቤትነቱ ነው። ጤናው ለገዢው ዐይን ተትቷል።

ዐይን ደግሞ ይታለላል። ግመል ወይም በግ ሊሸጥ ያሰበ ሰው ለቀናት ሳያልብ ያቆያታል፤ ጡቷ ይሞላል፤ ገዢም የወተት ባለጸጋ ያገኘ ይመስለዋል። ይህ ተንኮል ጥንታዊ በመሆኑ በእስልምና ሐዲስ ራሱን የቻለ ፍርድ ተሰጥቶታል። ገዢው ካለባት በኋላ ሁለት ምርጫ አለው፤ ወይ እንደ ሆነችው ይይዛታል፣ ወይም ስለ ወሰደው ወተት አንድ መስፈሪያ ቴምር ጨምሮ ይመልሳታል። «አይተህ አልገዛህምን?» የሚለው ክርክር እዚህ አይሠራም። ያየው የተሠራለትን ነውና።

ሮማውያንም ከዚሁ በር ገብተዋል። የገበያ ሹማምንቶቻቸው ባወጡት ዐዋጅ ባሪያ ወይም ከብት የሚሸጥ ሰው ጉድለቱን በግልጽ እንዲናገር ታዘዘ፤ ካልተናገረ ገዢው በ6 ወር ውስጥ መልሶ ገንዘቡን መጠየቅ፣ ወይም በ1 ዓመት ውስጥ የዋጋ ቅናሽ መጠየቅ ይችል ነበር። ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ለልጁ በጻፈው ስለ ግዴታ በሚናገረው መጽሐፉ ሁለት ፈላስፎችን ያከራክራል። ቤቱ የታመመ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ሊሸጠው ነው፤ ለገዢው ይናገርን? የባቢሎኑ ዲዮጋን አለመናገርና መደበቅ ለየቅል ናቸው ይላል። የጠርሴሱ አንቲጳጥሮስ ግን የሚያውቅ ሰው ለማያውቀው ወንድሙ ሊነግረው ይገባል ባይ ነው። ሲሴሮ ከአንቲጳጥሮስ ጎን ቆመ።

የሮማ ሕግ በቢዛንታይን በኩል ተሻግሮ ከፍትሐ ነገሥታችን ምንጮች አንዱ ሆኗል፤ እርሱም ስለ መሸጥና ስለ መግዛት የሚናገር አንቀጽ አለው። ከዚያ ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታወጀ፤ መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። ከቁጥር 2287 ጀምሮ ያሉት ድንጋጌዎች ሻጩን ለጉድለት ኀላፊ ያደርጉታል። ገዢንም ዝም አይሉትም፤ ዕቃውን እንደ ተረከበ ይመርምር፣ ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ ያስታውቅ፣ ካስታወቀም በኋላ በ1 ዓመት ውስጥ ይክሰስ ይላሉ። ተዋዋዮቹ ይህን ኀላፊነት በውል ሊቀንሱት ወይም ሊያስቀሩት ይችላሉ። ሻጩ ጉድለቱን በተንኮል የደበቀ እንደ ሆነ ግን እንዲህ ያለው የውል ቃል ዋጋ የለውም።

እንግዲህ ወደ ውላችን እንመለስ። «ተቃዋሚ ቢመጣ ተከራክሬ እመልሳለሁ፤ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ ነው፤ ውሉ በፍ/ብ/ሕ/ቁ. 1731 እና 2005 መሠረት የጸና ነው፤ ውል አፍራሽ በቁጥር 1889 መሠረት ገደብ ይከፍላል...» ሻጩ ስለ ባለቤትነት ይምላል፤ ስለ ሞተሩ ግን አንድ ቃል አይተነፍስም። ልክ እንደ ከብት ገበያው ደላላ! 2287 በውሎቻችን ውስጥ ሲጠራ እምብዛም አይሰማም። ያልተጠራ ሕግ አልሞተም፤ ነገር ግን ለመቀስቀስ ማስረጃ ይፈልጋል።

ማስረጃው ነው አስቸጋሪው። «አላውቅም ነበር» የሚል ሻጭ ልቡን ማን ከፍቶ ያያል? እዚህ ላይ ያልታለበችው ግመል መልስ አላት። ጡቷ በራሱ አልተጠራቀመም፤ ያጠራቀመው እጅ አለ። ጭስ የሚያበዛ ሞተር ለጥቂት ቀን እንዲታረም ወፍራም ዘይት ሲጨመርበት፣ የበላው ቆርቆሮ በስቱኮና በቀለም ሲሸፈን፣ የማስጠንቀቂያ መብራት ገመዱ ሲቆረጥ፣ ይህን ሁሉ ያደረገ ሰው «አላውቅም» ሊል አይችልም። ሰው የማያውቀውን አይደብቅም። መደበቅ ራሱ የማወቅ ምስክር ነው።

ስለዚህ ዲዮጋንና አንቲጳጥሮስ የተለያዩበት ዳር በእኛ ዘንድ ቀጭን ቢሆንም የሚታይ ነው። ያላወቀ ሻጭ ይቅርታ ያገኛል እንበል፤ ወዶ የፈረመ ገዢም ያየውን ይሸከም። የደበቀ ግን በሌላው ፊርማ ጥላ ሊጠለል አይገባውም።

እኔ ብጠየቅ ከውላችን ላይ አንድም ቃል አልፍቅም። «አይቼ፣ ፈትሼ፣ ወድጄ» ይኑር፤ የገዢው ቃል ነውና ያምርበታል። ከበላዩ ግን የሻጩን አንዲት መስመር እጨምራለሁ፤ «የማውቀው ሕመሙ ይህ ነው፤ ሌላ አላውቅም።» እጁ ሳይንቀጠቀጥ ይህችን የሚጽፍ ሰው መኪና ከነገሌ ወደ ዶሎ ይዘውት ቢወርዱ አያስፈራም። እጁ የተያዘ ሰው ግን ሳይናገር ተናግሯል።