የባልሳ ሞዴል አውሮፕላንን ወደ ሬዲዮ ቁጥጥር መለወጥ

ወደ ሬዲዮ ቁጥጥር መለወጥ ማለት በተጠመዘዘ ላስቲክ ኃይል እንዲበር የተዘጋጀን አነስተኛ የባልሳ እንጨት ሞዴል በኤሌክትሪክ ሞተር፣ በባትሪና በሬዲዮ መቀበያ ከመሬት እየተመራ እንዲበር ማድረግ ነው። ለዚህ ሥራ ከሚመረጡት መካከል በ1926 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ማሳቹሴትስ የተቋቋመው የጊሎው ኩባንያ ያልተገጣጠሙ ሞዴሎች ይገኙበታል።

ትልቁ ፈተና ክብደት ነው፤ ከሁሉም በላይ የጅራት ክብደት። ጅራቱ ከክንፉ የሚርቀው ከአፍንጫው ይልቅ ስለሆነ፣ እዚያ የተጨመረች አንድ ግራም ፊት ላይ ሁለት ሦስት ግራም ማካካሻ ትጠይቃለች። ስለዚህ ሠሪዎች የጅራቱን እንጨት በቀላል ባልሳ ይተካሉ። ከዚያም የጅራቱ አግዳሚና ቋሚ ክፍሎች የኋላ ጠርዝ በስለት ተቆርጦ በማጠፊያ ይያያዛል፤ ሰርቮ የተባለች በጣም ትንሽ ሞተር በቀጭን ሽቦ ትገፋዋለች፣ ትስበዋለች።

ክንፎቹ ጫፋቸው ወደ ላይ ቀና ያለ ከሆነ አውሮፕላኑ በጅራት መሪው ብቻ ስለሚታጠፍ፣ በክንፉ ላይ አይለሮን የተባለውን ተንቀሳቃሽ ክፍል መሥራት ለእንዲህ ዓይነቱ ትንሽ ነገር ትርፉ ድካም ነው። የስበት ማዕከሉ ከክንፉ የፊት ጠርዝ ጀምሮ በስፋቱ ሩብና ሲሶ መካከል ማረፍ አለበት። የሚስተካከለውም ባትሪውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ በማንሸራተት ነው፤ የባትሪው መግቢያ በር ታዲያ ሞዴሉን የሚሸፍነው ስሱ ወረቀት ከመለጠፉ በፊት መከፈት ይኖርበታል።