ብር በሄደበት ሰው ይሄዳል፦ ከቃሊቲ የሚታይ ታሪክ

ቃሊቲ ሲባል ለብዙዎቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን ማረሚያ ቤቱ ነው። መሀል ከተማ የነበረው «ዓለም በቃኝ» ተዘግቶ እስረኞቹ ወደዚህ ሲዛወሩ፣ ስንቅ የሚያመላልሰው ቤተሰብም አብሮ መንገድ ቀየረ። ዓለም በቃኝ በነበረበት ቦታ ዛሬ የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቆሟል። መንግሥት ቦታ ሲቀይር ሰው ይከተላል። እስቲ የፍልሰት ታሪካችንን በዚህ ዓይን እንየው።

በ1909 ዓ.ም. ባቡር አዲስ አበባ ሲገባ በአቃቂ በኩል አለፈ። ገንዘቡ የውጭ ኩባንያ ቢሆንም ውጤቱ አንድ ነው፤ ሐዲዱ ፋብሪካ ጠራ፣ ፋብሪካው ደግሞ ከየአገሩ ሠራተኛ ጠራ።

ደርግ ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠ። የየካቲት 1967ቱ አዋጅ መሬት ለአራሹ ሰጠ፤ ግን መሬቱን ከገበሬ ማኅበር ጋር አሰረው። ቀዬውን ጥሎ የሄደ መሬቱን ያጣል። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ደግሞ ያው መንግሥት 600 ሺህ ገደማ ሰው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ አንስቶ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና መተከል ወሰደ። ብዙዎቹ ሳይወዱ ነው የሄዱት። ሥርዓቱ ሲወድቅ ጥለው የተመለሱትም ጥቂት አልነበሩም። በጀት ሰውን ጭኖ ሊወስድ ይችላል፤ በግድ የሄደን ሰው ግን አያጸናም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 32 የመዘዋወርና የመኖሪያ ቦታ የመምረጥ ነፃነትን ደነገገ። ገንዘቡ ግን አሁንም ሰውን በቀበሌው ያስራል። በ1997 የተጀመረው ሴፍቲኔት የሚሰጠው ለቀበሌው ነዋሪ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ በጀት እስከ ወረዳ ቢወርድም አብዛኛው ለደመወዝ ይውላል፤ ለውሃና ለመንገድ የሚተርፈው ትንሽ ነው። በሌላ በኩል በ2008 ቀላል ባቡሩ ቃሊቲ ደረሰ፣ የአዳማው ፈጣን መንገድም ከቱሉ ዲምቱ ይነሳል። ታዲያ ወጣቱ ወዴት ይሂድ?

ከሁሉ የሚከፋው የቆጠራው ጉዳይ ነው። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የ1999ኙ ነው፤ የ2011ዱም ተራዘመ። የክልሎች ድጎማ የሕዝብ ቁጥርን ተመርኩዞ ይከፋፈላል። ከዚያ ወዲህ የፈለሰ ሰው ዛሬ በሚኖርበት ቦታ ተቆጥሮ አያውቅም። መሸኛ ካላመጣ የነዋሪነት መታወቂያ አያገኝም፤ መታወቂያ ያልነበረው ለኮንዶሚኒየምም መመዝገብ አልቻለም። ትቶት የሄደው ወረዳ በግምት ይቆጥረዋል፣ የመጣበት ከተማ ደግሞ አያውቀውም።

ጦርነትና መፈናቀል በፍልሰቱ ያላቸው ድርሻ ከባድ ነው፤ አይካድም። ሆኖም «ወጣቱ እርሻ ንቆ ነው የሚመጣው» እያልን ከመውቀሳችን በፊት የትውልድ ወረዳውን በጀት እንመልከት። ከደመወዝ አልፎ ለመስኖ፣ ለመንገድና ለትምህርት ቤት ስንት ይደርሳል? መፍትሔው ኬላ ላይ መመለስ አይደለም። ሰውን ባለበት ቦታ መቁጠር፣ ወረዳውም ሊኖሩበት የሚያስመኝ እንዲሆን በጀት መመደብ ነው። ያኔ የሚቀረውም የሚሄደውም መርጦ ይሆናል።

እናንተስ ምን ትላላችሁ?