ከፈረስ መጋላ እስከ ሞደም

በሐረር ጀጎል ውስጥ የሚገኘው የፈረስ መጋላ ትርጓሜው «የፈረስ ገበያ» ነው። ስልክ ከመግባቱ በፊት ከሐረር ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ቃል በመልእክተኛ እግርና በከብት ጀርባ ብዙ ቀን ይጓዝ ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን 477 ኪሎ ሜትር የሚሆን የስልክ ሽቦ ሁለቱን ከተሞች ባገናኘ ጊዜ ግን ድምፅ መንገደኛውን ቀደመው።

ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲከፈትም ወደየቤቱ የገባው በዚያው በስልክ ሽቦ ነው። ሞደም የሚባለው ትንሽ ሣጥን የኮምፒዩተሩን ቁጥር ወደ ድምፅ ይለውጣል፤ በማዶ ያለው ጓደኛውም ድምፁን ወደ ቁጥር ይመልሳል። አንዱ ሽቦ ለሁለት አይበቃምና፥ ልጅ ከባሕር ማዶ የመጣለትን ደብዳቤ ሲያነብ እናት የምትጠብቀው ስልክ ይያዝባት ነበር።

ዛሬ ያ ሣጥን ከብዙ ቤት ጠፍቷል። እኛ ግን እንግዳውን ስናመሰግን መንገዱን የጠረጉትን አንርሳ።