ዓባይ፣ የነገሥታት ደብዳቤ እና መሐል ላይ የነበሩ ሰዎች



በመድረሳ ሐዲስ ስንቀራ ከማንረሳቸው ክስተቶች አንዱ የመዲናው የውሃ ክርክር ነው። ዙበይር ኢብኑል ዐዋም (ረ.ዐ) እና አንድ የአንሷር ሰው ከሐርራ በሚወርድ የመስኖ ቦይ ተጣሉ። የዙበይር ማሳ ከላይ፣ የአንሷሪው ከታች ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጀመሪያ ያቀረቡት ሱልሕ ነው፤ የላይኛው በልኩ አጠጥቶ ለጎረቤቱ እንዲለቅ። የታችኛው ሰው ግን የአክስታቸው ልጅ ስለሆነ አደሉለት ብሎ ተናገረ። ያኔ ለዙበይር ሙሉ ሐቁን ፈረዱለት፤ ውሃው በዛፎቹ ዙሪያ ያለውን ግርግዳ እስኪደርስ ይዞ እንዲያጠጣ። ዑለማዎች ከዚህ የላይኛውን ሰው ቀዳሚነት ወስደዋል፤ ከድርሻው በኋላ ለታችኛው የመልቀቅ ግዴታውንም እንዲሁ።

በሁለት ማሳ መካከል እንዲህ ከሆነ፣ በሀገራት መካከልስ? ዛሬ የምናነሳው የዓባይን ክርክርና ድርድር ነው፤ በተለይም ብዙ የማይነገርለትን ገጽ። (ከተለየው በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የነገሥታቱ ደብዳቤ

በ1321 በካይሮና በሌሎች የግብጽ ከተሞች ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ፈረሱ። ታሪክ ጸሐፊው አል-መቅሪዚ እንደዘገበው በ726 ዓመተ ሂጅራ (1325/26) የሐበሻ ንጉሥ መልእክተኞች ካይሮ ደረሱ። በሀገራችን ዙፋን ላይ የነበሩት ዐፄ ዐምደ ጽዮን ናቸው። መልእክቱ አጭር ነበር፦ አብያተ ክርስቲያናቱ ይታደሱ፤ አለዚያ በሐበሻ ያሉ መስጂዶች ይፈርሳሉ፣ ዓባይም አቅጣጫው ይቀየራል። ሱልጣን አን-ናሲር ሙሐመድ አፌዙበትና መልእክተኞቹን መለሷቸው።

ልብ በሉ! በአንድ ደብዳቤ ወንዙና መስጂዱ አብረው ለማስፈራሪያ ቀረቡ። በሐበሻ የሚሰግደው ሙስሊም ካይሮ ውስጥ አንዲት ድንጋይ አላፈረሰም፤ የካይሮው ቅብጥም ዓባይን አልያዘም። ሆኖም ሁለቱም መያዣ ሆኑ።

በ1443 ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ለሱልጣን ጀቅመቅ ጻፉ። በግዛታቸው ያሉ ሙስሊሞች በሰላም እንደሚኖሩ፣ ወንዙንም መከልከል እንደሚችሉ ነገር ግን ፈሪሃ አምላክና የሰው ጉዳት እንደያዛቸው ገለጹ። ሱልጣኑ ስጦታ ልከው ጥያቄውን አልተቀበሉም። የሱልጣኑ መልእክተኛ በሐበሻ ሲታገት ቁጣው ያረፈው በካይሮው የቅብጥ ፓትርያርክ ላይ ነበር፤ ተደበደቡ። በእርግጥ በዚያ ዘመን ዓባይን የሚያዞር ግድብ አልነበረም። ዛቻው ግን በሁለቱም በኩል የሰው ጀርባ ላይ አርፏል።

ሐረር እና ወሎ

«የግብጽና የሐበሻ ሙስሊም አንድ ወገን ነው» የሚል ካለ የ1875ን ታሪክ ያንብብ። ኸዲቭ ኢስማዒል ግዛታቸውን ወደ ምንጩ ለማስፋት ሲነሱ ጦራቸው በራኡፍ ፓሻ መሪነት ሐረርን ያዘ። አሚር ሙሐመድ ኢብን ዐሊ ተገደሉ። የግብጽ አገዛዝ እስከ 1885 ቆየ። የቁርኣንና የዒልም ከተማ የሆነችው ሐረር የወንዙን ፖለቲካ የቀመሰችው በሙስሊም ጦር እጅ ነው።

በሰሜን በኩል የመጣው ጦር በጉንዴት (1875) እና በጉራዕ (1876) በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ተሸነፈ። ሁለት ዓመት አልፎ፣ በ1878 ከቦሩ ሜዳው ጉባኤ በኋላ፣ የወሎ ሙስሊም እምነቱን እንዲቀይር ታዘዘ። ከውጭ የመጣው ስጋት ወደ ቤት ሲገባ የተጠረጠረው የራስ ወገን ሆነ። አባቶቻችን በአል-አዝሀር የጀበርቲ ተማሪዎች ሪዋቅ የቀሩት ለዒልም ነበር፤ ለውሃ አይደለም።

ያልተጋበዘው ባለቤት

ከዚያ ዘመነ ውል መጣ። በ1902 ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ሲፈራረሙ በጥቁር ዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ ፍሰቱን የሚያስቆም ሥራ ያለ ስምምነት እንዳይሠራ ገቡ። በ1929 እንግሊዝ በሱዳን ስም ከግብጽ ጋር ተስማማች፤ ለግብጽ 48፣ ለሱዳን 4 ቢሊዮን ሜትር ኩብ። በ1959 ግብጽና ሱዳን እንደገና ተካፈሉ፤ 55.5 እና 18.5። ግብጽ ከሚደርሳት ውሃ 85 በመቶ ያህሉን የምታመነጨው ኢትዮጵያ በሁለቱም አልተጋበዘችም። በአስዋኑ ግድብ ምክንያት ደግሞ ከሁለቱ ሀገራት ወደ 100 ሺህ የሚጠጉ ኑባውያን ከቀያቸው ተነሡ። እነሱም ሙስሊሞች ነበሩ፤ ጠረጴዛው ላይ ግን አልነበሩም።

ባለቤቱ በሌለበት የተጻፈ ውል አልጸናም። በ2011 የሕዳሴው ግድብ መሠረት ተጣለ። በመጋቢት 2015 ካርቱም ላይ ሦስቱ መሪዎች ስለ ግድቡ የመርሆዎች ስምምነት ፈረሙ፤ ፍትሐዊ አጠቃቀም፣ ጉልህ ጉዳት አለማድረስ። አሞላሉና የድርቅ ዘመን አለቃቀቁ ላይ የተደረገው ንግግር ከዋሽንግተን እስከ አፍሪካ ኅብረት ተጉዞ አስገዳጅ ስምምነት ሳይወለድ፣ ግድቡ በመስከረም 2025 ተመረቀ።

ከዚህ ምን እንያዝ?

አንደኛ፣ ሱልሕ ቦዩን የሚጋሩትን ሁሉ ማስቀመጥ አለበት። ሁለተኛ፣ የላይኛው ሐቁ ሲረጋገጥ ኃላፊነቱም አብሮ ይመጣል፤ ግብጻዊው ገበሬ ዝናብ የለውም፣ ስጋቱም ተረት አይደለም። ሦስተኛውና ለእኛ ከባዱ፦ በውሃ ክርክር መሐል የማንንም እምነት መያዣ አናድርግ። ዛሬም ግብጽ በተነሳች ቁጥር የሀገራችንን ሙስሊም በጎሪጥ የሚያይ አለ። ሙስሊሙ ግን ለግድቡ ቦንድ ገዝቷል፤ የዓባይን ውሃም እንደማንኛውም ጎረቤቱ ይጠጣል። እኛም በተራችን፣ የግብጽ መንግሥት በተናገረ ቁጥር በግብጽ ሕዝብ ላይ ምላሳችንን አንዘርጋ።

አላህ የላይኛውንም የታችኛውንም ወደ ሱልሕ ይምራ። ወሏሁ አዕለም።